ክሩዘርህን አታሳምረው፤ ማስረጃውን አውጣ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው የሐዋሳ ነዋሪ ነው። ያማሃ ቪ-ስታር 650 ክላሲክ የሚባል ክሩዘር፣ ማለትም ዝቅ ብሎ የሚነዳ ከባድ ሞተር ሳይክል፣ አለው፤ እ.ኤ.አ. የ2007 ምርት፣ ከአሜሪካ የገባ። ጥቁር ነው። ኒኬሉ ያበራል፣ ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ሲታይ የአያቶቻችን ዘመን ሞተር ይመስላል። ከአንድ ከውጭ ተመላሽ ገዝቶ ለዓመታት ተንከባክቦ ይዞታል። ሜትሩ 19 ሺህ ላይ ነው። አሁን ሁለተኛ ልጅ ተወልዷል፣ ቤትም እየሠራ ነው፤ ስለዚህ ሊሸጠው ፈልጓል። ደላሎች የሚያመጡለት ዋጋ ግን «ከአዲስ ቦክሰር ብዙም አይበልጥም»። አንዱ ገዢ ካንዴላውን አስፈትቶ አየና «ዘይት ይበላል» ብሎ ሄደ። ሌላው «ሰንሰለቱስ የታለ?» አለው። አሁን ሦስት ነገር ይጠይቃል። ቀለም ቀብቼና ኒኬሉን አሳድሼ ልሽጠው? ለደላላ ልተወው? አንድ የአዲስ አበባ ልጅ «ስም ሳናዞር በውክልና ስጠኝ» እያለኝ ነው፤ ይሻለኛል?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባጭሩ ልመልስልህ። ቀለም አትቀባ። ለደላላ ብቻ አትተወው። በውክልና ደግሞ በጭራሽ አትሽጥ።

የተቸገርከው ሞተሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ያሳየኸው ለማያውቀው ሰው ስለሆነ ነው። እዚህ ከተማ ሞተር የሚያሻሽጥ ደላላ ቀኑን ሙሉ የሚያገላብጠው ቦክሰርና ቲቪኤስ፣ ቀላል የሥራ ሞተር፣ ነው። ዋጋ የሚያወጣውም «በቀን ስንት ያስገባል? በሊትር ስንት ይሄዳል?» እያለ ነው። በዚህ ሂሳብ ያንተ ሞተር መቼም አያዋጣም። ከ230 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሁለት ሲሊንደሩ ቤንዚን ይበላል፣ ለጭነትም ለኮንትራትም አይሆንም። ስለዚህ ደላላው ቢያጣጥልብህ የግድ ተንኮል አይደለም። የሚያውቀውን ነው የተናገረው። (ተንኮለኛም አይጠፋም። አጣጥሎ በርካሽ ይገዛና አዲስ አበባ ወስዶ በሌላ ዋጋ የሚሸጥ አለ።)

ያንተን ሞተር የሚገዛው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ክሩዘር ሲመኝ ኖሮ አሁን ኑሮው የተደላደለለት ይኖራል። ውጭ አገር ሲነዳ ቆይቶ የተመለሰ ይኖራል። ሠርግ አጃቢ ሆኖ ወይም ለክሊፕ እያከራየ የሚሠራም አለ። እነዚህ ጥቂት ናቸው፣ ግን የሚፈልጉትን ያውቃሉ። ስለዚህ በሳምንት እሸጣለሁ ብለህ አትነሳ። ቤቱ ገንዘብ ቢፈልግም ጥቂት ወራት ስጠው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ከቦክሰር ጋር ማወዳደርህን ተው። ገዢው ይህን ሞተር ዛሬ ከውጭ ላምጣ ቢል ምን ያወጣ ነበር? መግዣው፣ የመርከብ ጭነቱ፣ ከጅቡቲ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ሂሳብ ድሮ አንተ ከገዛህበት ጋር አይገናኝም። ከዚያ ተነስና ለዕድሜው፣ እንዲሁም መለዋወጫ እንደልብ ስለማይገኝ ቀንስ። ያ መነሻ ዋጋህ ነው። የመጨረሻ የምትወርድበትን ደግሞ ለባለቤትህ ብቻ ንገራት። ለደላላ የተነገረ የመጨረሻ ዋጋ በማግስቱ መነሻ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በደንብ የተያዘ ሞተር የሚሸጠው በማብራቱ ሳይሆን ባለቤቱ ስለሱ በሚያቀርበው ማስረጃ ነው። በተለይ እንዲህ ያለ ሞተር፣ ገዢው ጤናማውን ነገር ሁሉ ብልሽት አድርጎ ያየዋል። አንተ ጋ የመጡት ሁለቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ከካንዴላው እንጀምር። ሞተርህ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያለው ነው፤ ሚኩኒ የሚባሉ ሁለት። አሜሪካ ሲሸጥ የቤንዚን መልቀቂያ ጄቶቹ የተለኩት ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ልዩነቱን በከፊል ያካክሳል እንጂ ሙሉ ለሙሉ አያስተካክለውም። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ በደንብ አይቃጠልም፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል። ዘይት መብላት ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱን ገዢው ፊት አሳየው። ካንዴላውን ፍታና በነጭ ሶፍት ጥረገው። የቤንዚን ጥቀርሻ ደረቅ ነው፣ ደብዛዛ ነው፣ ሶፍቱ ላይ ጥቁር ዱቄት ይተዋል። ዘይት የሚበላ ሞተር ካንዴላ ግን እርጥብ ነው። ያብለጨልጫል፣ ሶፍቱን ያወዛል። የፒስተን ፋሻው ያለቀ ሞተር ደግሞ ጋዝ ስትሰጠው ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ጥቁር ጭስ ከሆነ ቤንዚን ነው። ጠዋት ገና ሲነሳ ለአፍታ የሚታየው ነጭ እንፋሎት ውሃ ነው፤ ማርሚታው ሲሞቅ ይጠፋል።

በዚህ ካላመነህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) መለኪያ ያለው ጋራዥ ውሰደውና ገዢው እያየ አስለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ ሁለቱም ካንዴላ ወልቆ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው የሚለካው። የአምራቹ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ባይመጣ አትደንግጥ። በዚህ ከፍታ ዝቅ ብሎ ማንበቡ ያለ ነገር ነው። ዋናው የሁለቱ ሲሊንደር ቁጥር መቀራረቡ ነው። አንዱ ከሌላው በጣም ከወረደ ግን ሰውዬው ልክ ነበር ማለት ነው። ያኔ ዋጋህን ታስተካክላለህ። ውጤቱን ከነቀኑና ከጋራዡ ማኅተም ጋር በወረቀት ያዝ። ካርቡሬተሩንም ሳትሸጠው በፊት አስጠርገህ ሁለቱ እኩል እንዲሠሩ አስተካክል። ገንዘብ አውጣበት ብዬ ከምመክርህ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሲነሳም ሲቆምም ድምፁ ይለወጣል።

«ሰንሰለቱስ የታለ?» ላለው ደግሞ መልሱ ቀላል ነው፦ ሲፈጠርም ሰንሰለት የለውም። እንደ አይሱዙ በአልቤሮ፣ በሚሽከረከር የብረት ዘንግ፣ ነው ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው። ይህ ጉድለት ሳይሆን ዋጋ የሚጨምር ነገር ነው። ሰንሰለት መጥበቅ የለ፣ ጥርስ መቀየር የለ፣ የሐዋሳ አቧራ ከቅባት ጋር ተለውሶ አይበላውም። ገዢው ማወቅ ያለበት የኋላው ዲፈረንሻል የራሱ ዘይት እንዳለው ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሞተር ዘይት ይቀይርና እሱን ይረሳዋል። አንተ ከቀየርክ መቼ እንደቀየርክ ጻፍ። ካልቀየርክ አሁን ቀይር። የወጣውን ዘይት ቀለሙንና የብረት ብናኝ እንዳለበት እይ።

ሜትሩ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቅ። ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ የሚቆጥረው በማይል ነው። 19 ሺህ ማይል ማለት 30,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳትናገር ብትሸጠውና ሰውዬው ኋላ ቢደርስበት «አታለለኝ» ማለቱ አይቀርም፤ እውነቱንም ነው። ማስታወቂያህ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጻፍ። 30 ሺህ ኪሎ ሜትር እኮ ለዚህ ሞተር ምንም አይደለም።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች አሉ፣ ገዢ የሚደነግጥባቸው። የነዳጅ መለኪያ የለውም፤ ተበላሽቶ ሳይሆን ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ተጠባባቂውን በሚከፍት የሪዘርቭ ቁልፍ ነው የሚሠራው። የፊት መብራቱ ሞተሩ ሲነሳ ይበራል፣ ማጥፊያም የለው፤ የአሜሪካ ሞተር ልማዱ ነው። ማርሚታው ከሲሊንደሩ አጠገብ ሰማያዊና ቢጫ ከሆነ ከሙቀት ነው። ማርሽ አስገብቶ ማቆሚያ እግሩን ሳያጥፍ ሊሄድ ቢሞክር ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ ይህ ለደኅንነት የተሠራ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ሳይነዳ በፊት ንገረው። አለበለዚያ መሀል መንገድ ላይ ጠፋብኝ ብሎ ይመለስልሃል።

ቀለም አትቀባ ያልኩህ ለምንድን ነው? ክሩዘር የሚያውቅ ገዢ አዲስ ቀለም ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው «የት ወድቆ ነው?» ብሎ ነው። የፋብሪካው ቀለም ትንሽ ጭረት ቢኖርበትም የሞተሩ ታሪክ ነው። ኒኬሉም እንደዚያው። ነጠብጣብ የያዘች ቦታ ካለች በቅርብ አንስተህ አሳይ። በደንብ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ሰም ቀብተህ ተወው። ስታሳጥበው ግን በኃይለኛ የውሃ ግፊት ቸርኬው መሀል፣ የመሪው አንገትና ሜትሩ ላይ እንዳይረጩበት። ውሃ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው ጣጣ ከእድፉ ይብሳል።

ጎማው ጎን ላይ በመጨረሻ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ታገኛለህ። 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019፣ 23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ዕድሜው ከገፋ ጎማው ደርቋል። ያንተ የኋላ ጎማ 170/80-15 ነው፤ ጎሚስታ ጋ ሄደህ የምታነሳው ዓይነት አይደለም። ካረጀ እውነቱን ተናገርና ከዋጋው ቀንስ። ራስህ ፈልገህ አስመጥተህ ልግጠም ካልክ ወራት ይበላብሃል። ባትሪው ደክሞ ከሆነ ግን ቀይረው። አልነሳ ያለ ሞተር ማንም አይገዛም።

ማስታወቂያ ስትጽፍ «ምርጥ ሞተር፣ ዋጋ በስልክ» አትበል። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «ያማሃ ቪ-ስታር 650 ክላሲክ፣ 2007፣ ሐዋሳ። 19 ሺህ ማይል (30,500 ኪሎ ሜትር)። በአልቤሮ የሚሄድ፣ ሰንሰለት የለውም። የፋብሪካ ቀለም፤ ታንኩ በግራ በኩል ጭረት አለው። የኋላ ጎማ መቀየር አለበት። የኮምፕሬሽን ውጤት በወረቀት አለ። ቀረጡ የተከፈለ፣ ሊብሬው በሻጭ ስም። ዋጋ ይህን ያህል።» ጉድለቱን አንተው ከጻፍከው ገዢው እሱን ይዞ መከራከር ያፍራል። የማያውቅ ሰውም በስልክ አያደክምህም።

ፎቶው በጠዋት ብርሃን ይሁን። ሐይቁን ከኋላ አድርገህ አንድ ቆንጆ አንሳ፣ ደስ ይላል፣ ትኩረትም ይስባል። ቀሪዎቹ ግን ገዢው ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው ቦታዎች ይሁኑ፦ የሁለቱ ሲሊንደር መሀል፣ የፊት ሾኩ የዘይት መያዣ አካባቢ፣ የጎማው ቁጥር፣ ሜትሩ፣ ያቺ ጭረት። ሞተሩ ከቀዝቃዛው ሲነሳ የሚያሳይ ቪዲዮም ጨምር። ገዢው ሲመጣም ሞተሩን አሙቀህ አትጠብቀው። እጁን ሲሊንደሩ ላይ አድርጎ ቀዝቃዛ መሆኑን ይይ። ከዚያ ራሱ ቾክ ስቦ ያስነሳው። አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው ብሎ የማያስብ ገዢ የለም።

ለሙከራ ስትሰጠው መጀመሪያ የሞተር መንጃ ፈቃዱን እይ። ከዚያ እሱን ከኋላ አስቀምጠህ አንተ ንዳ፣ ቀጥሎ እሱ ይንዳ። በቦክሰር የለመደ ሰው ይህን ክብደት ቀስ ብሎ ሲያዞር ሊጥለው ይችላል። ማርሹም በተረከዝ ጭምር የሚቀየር ስለሆነ ያደናግረዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ግርግር ውስጥ አታስሞክር። እሁድ በማለዳ ጭር ያለ አስፋልት ምረጥ። ጥሎት የሚያደርሰውን ጉዳት ማን እንደሚከፍል ሳይነሳ በፊት ተነጋገሩ። መታወቂያውን ብቻ ይዘህ ሞተር አትስጥ፤ መታወቂያ ጥሎ ሞተር ይዞ የሚጠፋ አለ።

ወረቀቱ ላይ እንምጣ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ጋር ራስህ አመሳክር። የሻንሲው ቁጥር መሪው የሚታሰርበት አንገት ላይ ተመትቷል። አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ሞተር ላይ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይነግርሃል፤ ያንተ 7 መሆን አለበት። ሊብሬው ላይ ሌላ ዓመት ከተጻፈ ገዢው ሳይጠይቅህ አስረዳው። ቀጥሎ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ ሲገባ የተሰጠውን ሰነድ፣ ፈልግ። ከውጭ ተመላሽ ስለገዛኸው ያለ ቀረጥ የገባ እንዳይሆን አጣራ። በቀረጥ ነፃ የገባ ንብረት ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ አይተላለፍም። ይህን ገዢ ካመጣህ በኋላ ብታውቅ ሽያጩ ይፈርሳል። ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የታደሰ፣ የትራፊክ ቅጣት የሌለበት ይሁን።

ስለ ውክልናው እንግዲህ። የአዲስ አበባው ልጅ ለምን እንደፈለገው ይገባኛል። የስም ማዛወሪያ ወጪ ይቀርለታል፣ ፋይል ከክልል ወደ ክልል ማመላለስ የለበትም፣ ነገ አትርፎ ሲሸጠውም መሀል ላይ ስሙ የለም። ጥቅሙ ሁሉ የሱ ነው። አንተ ጋ የሚቀረው ኃላፊነቱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ሊብሬው በስምህ እያለ ያ ልጅ ሰው ቢገጭ የሚፈለገው አንተ ነህ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከሰኔ 2011 መጨረሻ ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴን ገድባለች፤ የሚንቀሳቀሰው ፈቃድ ያለው ነው። ልጁ ፈቃዱን እንዴት ሊያወጣ እንዳሰበ ጠይቀው። መልስ ከሌለው ባንተ ታርጋና ባንተ ስም ተደብቆ ሊነዳ ነው ማለት ነው። በእውነት ከፈለገው ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈርም፣ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ስም ይዙር። የማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚችል በውሉ ላይ ይጻፍ። ባለቤትህም አብራህ ትፈርማለች። ካሁኑ ንገራት፤ በፊርማው ቀን ያኮረፈች ሚስት ያስቀረችው ሽያጭ ብዙ ነው።

ቀብድ ከተቀበልክ ግን ልብ በል። በሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ በውላችሁ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። 50 ሺህ ተቀብለህ በማግስቱ የተሻለ ገዢ ቢመጣና ብትቀለብስ 100 ሺህ ትከፍላለህ። ስለዚህ ልብህ ሳይቆርጥ ቀብድ አትያዝ።

ቀሪውን በሲፒኦ ወይም ባንክ ውስጥ አብራችሁ ቆማችሁ በሚደረግ ዝውውር ተቀበል። «ገብቷል፣ መልእክቱን እይ» ብሎ ስልኩን ቢያሳይህ አትመን። የሱን ስልክ ሳይሆን የራስህን ሂሳብ ከፍተህ ብሩን ስታይ ነው ገባ የሚባለው። በሐሰት መልእክት ንብረቱን የተበላ ሰው በየሰፈሩ አለ።

ደላላን በተመለከተ፣ ጭራሽ አትጠጋው አልልህም። አዲስ አበባ ክሩዘር ፈላጊዎችን የሚያውቅ ካገኘህ ሥራው ዋጋ አለው። የተለመደው ሁለት በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ካለህ ተከራከር። ሞተሩን ግን እጁ ላይ አትተውለት፣ ቁልፍም አትስጠው። «ከዚህ በላይ የሸጥከው ያንተ» የሚል ስምምነትም አትግባ። ይህን ስትል ገዢው እውነተኛውን ዋጋ አያውቅም፣ አንተም አታውቅም። ጸብ ሲነሳ ሁለታችሁ ትፋጠጣላችሁ፤ ደላላው ግን የለም።

የእጅ ዕቃ፣ ትርፍ ቁልፍ፣ የጎን ቦርሳ፣ የተረፈህ የካርቡሬተር ጥገና ዕቃ ካለ ከሞተሩ ጋር አትደባልቀው። ለድርድሩ መጨረሻ አስቀምጠው። ገዢው «ትንሽ ቀንስ» ሲልህ ከብሩ ላይ ሳይሆን ከነዚህ ስጠው። ስም ከዞረ በኋላ የአዲሱን ሊብሬ ፎቶ ኮፒ ያዝና ኢንሹራንስህ ጋ ሄደህ መሸጡን አሳውቅ።